ከአንጎል ዕጢ ሴሎች የኤልዲኤች ኢንዛይምን እንቅስቃሴ መለካት፦ ከማሳደጊያ ሳህኑ እስከ መጨረሻው ቁጥር

ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ ባጭሩ ኤልዲኤች፣ ለመለካት ከሚቀልሉ ኢንዛይሞች አንዱ ነው። ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት ሲለውጥ ኤንኤዲኤች የተባለውን ረዳት ሞለኪውል እያሟጠጠ ይሄዳል። ኤንኤዲኤች በ340 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይመጥጣል፤ ከተለወጠ በኋላ የሚገኘው ኤንኤዲ ግን በዚያ ሞገድ ላይ ብርሃን አይመጥጥም። ስለዚህ የሚመጠጠውን ብርሃን በሚለካው መሣሪያ፣ በስፔክትሮፎቶሜትሩ፣ ላይ ንባቡ ሲወርድ ኢንዛይሙ ሲሠራ እያየን ነው።

ልኬቱ ቀላል ስለሆነ ግን ብዙ ሰው ይዘናጋል። የሚወጣው ቁጥር በመሣሪያው ላይ ከሚያልፉት ሁለት ደቂቃዎች ይልቅ ሴሎቹ ካለፉት ሦስት ቀናት ጋር የጠበቀ ቁርኝት አለው። ሳህኑ ምን ያህል ሞልቶ ነበር፣ ሚዲየሙ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) መቼ ተቀየረ፣ ሊዜቱ (ሴሎቹ ፈርሰው የሚገኘው ፈሳሽ) ስንት ሰዓት በረዶ ላይ ቆየ የሚሉት ሁሉ ውጤቱ ውስጥ ይገባሉ። ይህ መመሪያም ከመሣሪያው በፊት ባለው ሥራ ላይ ረዘም ያለው ለዚህ ነው።

በአንጎል ዕጢ ሴሎች ላይ ኤልዲኤችን መለካት ምክንያት አለው። ኦቶ ዋርቡርግ በ1920ዎቹ እንዳሳየው የካንሰር ሴሎች ኦክስጅን እያለም ግሉኮስን ወደ ላክቴት የመለወጥ ዝንባሌ አላቸው፤ ግሊዮብላስቶማ የተባለው ኃይለኛ የአንጎል ዕጢም ከእነዚህ አንዱ ነው። ኤልዲኤች አራት ንዑስ ክፍሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት ኢንዛይም ነው። ክፍሎቹ ኤም እና ኤች የሚባሉ ሁለት ዓይነት ስለሆኑ በአቀማመራቸው አምስት ኢሶኢንዛይሞች (የአንድ ኢንዛይም የተለያዩ ቅርጾች) ይገኛሉ። የኤም ክፍሉ የሚመነጨው ኤልዲኤችኤ ከሚባለው ጂን ነው። አይዲኤች1 የተባለው ሌላ ጂን የተለወጠባቸው ግሊዮማዎች (ግሊዮብላስቶማ የሚመደብበት የአንጎል ዕጢ ወገን) ኤልዲኤችኤን በሜቲል እየሸፈኑ ዝም ያሰኙታል። ስለዚህ የአንዱን ግሊዮማ ቁጥር ከሌላው ጋር ከማወዳደር በፊት የሁለቱን የአይዲኤች ሁኔታ ማወቅ ግዴታ ነው።

ሴሎቹን መምረጥና ማንነታቸውን ማረጋገጥ

ለጀማሪ የሚስማሙት ዩ-87 ኤምጂ፣ ቲ98ጂ እና ዩ-251 የተባሉት የሰው ሴሎች፣ እንዲሁም ሲ6 የተባለው የአይጥ ግሊዮማ ናቸው። አራቱም በቀላሉ ይባዛሉ። በመጀመሪያ ግን ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስም አይመኑ። ለረጅም ጊዜ ዩ-373 ተብሎ ሲሠራበት የኖረው ሴል ዩ-251 ሆኖ ተገኝቷል። በ2016 በወጣ ጥናት ደግሞ በሰፊው የሚሠራጨው ዩ-87 ኤምጂ በስዊድን ኡፕሳላ ከተማ በ1960ዎቹ ከተወሰደበት ዋናው ዕጢ ጋር በዘር አሻራ እንደማይገጥም ታውቋል። ሴሉ የአንጎል ዕጢ ሴል መሆኑ ባይካድም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ የሰው ሴል ከሆነ አዲስ ብልቃጥ ሲከፍቱ የኤስቲአር የዘር አሻራ ምርመራ ያስደርጉ፤ ውጤቱንም ከሥራ ማስታወሻው ጋር ያያይዙ።

ሁለተኛው ምርመራ የማይኮፕላዝማ ነው። ማይኮፕላዝማ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ሚዲየሙንም አያደፈርስም። የራሱ ኢንዛይሞች ስላሉትና የሴሉን ሜታቦሊዝም ስለሚያዛባ ግን በእንዲህ ያለ ልኬት ላይ የማይታረም ጉዳት ያደርሳል። ምርመራው በወር አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ከልኬቱ በፊት ባለው ሳምንት ይደረግ። አዎንታዊ ከወጣ ሳህኖቹ ይጣሉ። በመድኃኒት ታጥበው «ዳኑ» በተባሉ ሴሎች ላይ የኢንዛይም ቁጥር መሰብሰብ አንመክርም።

ሴሎቹን ማዘጋጀት

ለአንድ ልኬት ባለ 10 ሴንቲሜትር ሳህን በቂ ነው። ለእያንዳንዱ የሙከራ ሁኔታ ሦስት ሳህን ያዘጋጁ፤ አንድ ተጨማሪ ሳህን ደግሞ ሴል ለመቁጠሪያ ይሁን። ዩ-87 ሴሎችን 10 በመቶ የጥጃ ፅንስ ሴረም በተጨመረበት ሚዲየም፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሳድጉ።

በእያንዳንዱ ሳህን 1 ሚሊዮን ሕያው ሴል ይዝሩ። ለመቁጠር ከሴሎቹ 20 ማይክሮሊትር ወስደው በ20 ማይክሮሊትር 0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ (የሞቱ ሴሎችን ሰማያዊ የሚያደርግ ቀለም) ያደባልቁና መቁጠሪያው መስታወት ላይ ያኑሩ። በአራቱ የጥግ አደባባዮች አማካዩ 45 ቢሆን፣ 45 × 2 × 10,000 = በሚሊሊትር 900,000 ሴል ማለት ነው። ሰማያዊ የሆኑት ከ5 በመቶ ከበለጡ ያ ሳህን ለልኬት አይመችም። የሞተ ሴል ኤልዲኤቹን ወደ ውጭ ስለሚያፈስ ከዘሩት ሴል ጋር የማይመጣጠን ቁጥር ያመጣል።

በሚዲየሙ ውስጥ ያለው ግሉኮስ መጠኑ ሳይጻፍ አይለፍ። ከፍተኛ ግሉኮስ ያለው ዲኤምኢኤም የተባለው ሚዲየም በሊትር 4.5 ግራም (25 ሚሊሞላር) ይይዛል፤ ኢኤምኢኤም ግን 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወሩ ሴሎች ሜታቦሊዝማቸው እስኪረጋጋ ቢያንስ ሁለት ፓሴጅ (ሴሎቹን ወደ አዲስ ሳህን የማዛወር ዙር) ይጠብቁ። ሁለት ሴሎችን የሚያወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሚዲየም ይስጡ፤ ካልሆነ የሚያወዳድሩት ሚዲየሞቹን ይሆናል።

ሚዲየሙን ሴሎቹ ከመሰብሰባቸው 24 ሰዓት በፊት ይቀይሩ። ሴሎቹ የሳህኑን 70 እስከ 80 በመቶ ሲሸፍኑ ይሰብስቡ፤ እስኪሞሉ አይጠብቁ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ዩ-87 ሲበዛ በአንድ ንጣፍ መቀመጡን ትቶ እርስ በርሱ ይቆለላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጠፍጣፋ ሴሎች መካከል እንደ ጉብታ የሚያንጸባርቁ ክምሮች ይታያሉ። የክምሩ መሀል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ኦክስጅን ሲያጥር ኤችአይኤፍ-1 የተባለው ፕሮቲን ይነቃል፤ ይህ ፕሮቲን በቀጥታ ከሚያነሣሣቸው ጂኖች አንዱ ደግሞ ኤልዲኤችኤ ነው። ስለዚህ አንዱ ሳህን 70 በመቶ፣ ሌላው ደግሞ ሙሉ ከሆነ፣ በመድኃኒቱ ምክንያት የመጣ የሚመስለው ልዩነት የመጨናነቅ ልዩነት ሊሆን ይችላል። የሚሞከረው መድኃኒት ዕድገት የሚገታ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፦ ያልታከሙት ሳህኖች ይሞላሉ፣ የታከሙት ይሳሳሉ። እንዲህ ሲሆን የሁለቱ ቡድን ሳህኖች በሚሰበሰቡበት ሰዓት እኩል እንዲሸፈኑ ያልታከሙትን በአነስተኛ ቁጥር ይዝሩ።

መፍትሔዎቹ

የመለኪያ ቡፈር፦ 1.742 ግራም ዳይፖታሲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት በ100 ሚሊሊትር፣ 1.361 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ደግሞ በሌላ 100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ። ከመጀመሪያው 83፣ ከሁለተኛው 17 ሚሊሊትር ያደባልቁና በውሃ እስከ 200 ሚሊሊትር ይሙሉ። የሚገኘው 50 ሚሊሞላር፣ ፒኤቹም 7.5 አካባቢ ይሆናል። በመለኪያ ያረጋግጡ፤ ካስፈለገ ከሁለቱ በአንዱ ያስተካክሉ።

ሴል ማፍረሻ ቡፈር፦ ለ50 ሚሊሊትር 2.5 ሚሊሊትር የ1 ሞላር ትሪስ (ፒኤች 7.5)፣ 0.1 ሚሊሊትር የ0.5 ሞላር ኢዲቲኤ፣ 2.5 ሚሊሊትር የ10 በመቶ ትራይቶን ኤክስ-100፤ የቀረውን ውሃ ይሙሉት። ትራይቶን እንደ ማር ስለሚሳብ ንጹሑን በፒፔት ለመለካት አይታገሉ። 10 በመቶውን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ አረፋው እስኪጠፋ ሌሊቱን ይተዉት።

ፕሮቲን ቆራጮችን የሚያግደው ፒኤምኤስኤፍ በአይሶፕሮፓኖል 100 ሚሊሞላር ሆኖ ይቀመጥ። ወደ ማፍረሻ ቡፈሩ የሚጨመረው ሴሎቹን ሊያፈርሱ ሲሉ፣ በሚሊሊትር 10 ማይክሮሊትር ነው። ውሃ ውስጥ ይበላሻል፤ በክፍል ሙቀትና በፒኤች 7.5 ግማሹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ጠዋት የተጨመረበት ቡፈር ከሰዓት በኋላ ምንም አይሠራም። መርዛማም ነውና ዱቄቱ ሲመዘን ጓንትና መነጽር ይደረግ፣ ሥራውም በጭስ ማውጫ ስር ይሁን።

ኤንኤዲኤች፦ 7.1 ሚሊግራም የዳይሶዲየሙን ጨው በ1 ሚሊሊትር፣ ፒኤቹ ከ8 እስከ 8.5 በሆነ 10 ሚሊሞላር ትሪስ ያሟሙ፤ 10 ሚሊሞላር ይሆናል። ፎስፌት ቡፈር ውስጥ አያሟሙት፤ አሲድም ፎስፌትም መበላሸቱን ያፋጥናሉ። በረዶ ላይ፣ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ለዚያው ቀን ብቻ። ዱቄቱ እርጥበት ስለሚስብ ሚዛን ብቻውን አይታመንም፦ 20 ማይክሮሊትሩን በ980 ማይክሮሊትር የመለኪያ ቡፈር ያቅጥኑና በ340 ናኖሜትር ያንብቡ። 1.24 አካባቢ መሆን አለበት። 1.0 ካነበበ መጠኑን ከፍ ያድርጉ፤ ከ0.8 በታች ከሆነ ጨው ተበላሽቷልና አዲስ ይክፈቱ።

ፓይሩቬት፦ 11 ሚሊግራም ሶዲየም ፓይሩቬት በ1 ሚሊሊትር ውሃ፣ 100 ሚሊሞላር። እሱም በየዕለቱ አዲስ ይሁን፤ ፓይሩቬት በውሃ ውስጥ ሲቆይ እርስ በርሱ ይጣመራል።

ሴሎቹን ማፍረስ

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በረዶ ላይ ነው። ሴንትሪፊዩጁን ወደ 4 ዲግሪ አስቀድመው ያቀዝቅዙ።

1. ሚዲየሙን መጥጠው ያውጡ። ሳህኑን አዘንብለው 8 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ለማጠቢያ የሚሆን የጨው ቡፈር) ከሳህኑ ግድግዳ ጋር በቀስታ ያፍሱ። በሴሎቹ ላይ በቀጥታ አይልቀቁት፤ ዩ-87 በቀላሉ ይላቀቃል፣ ተላቅቆም ከፒቢኤሱ ጋር ይሄዳል። ይህን ሁለት ጊዜ ይድገሙ። የጥጃ ሴረም የራሱ ኤልዲኤች አለው፤ የሚዲየሙ ፌኖል ሬድ ደግሞ የፕሮቲን ልኬቱን ያዛባል። ሁለተኛው እጥበት ለሥርዓት ያህል የሚደረግ አይደለም።

2. የመጨረሻውን ፒቢኤስ ካፈሰሱ በኋላ ሳህኑን ለ30 ሰከንድ አዘንብለው ያቆዩት፤ ጥግ ላይ የተጠራቀመውን ጠብታ ይምጠጡ። የቀረ ግማሽ ሚሊሊትር ፒቢኤስ ሊዜቱን ከእጥፍ በላይ ያቀጥነዋል።

3. ፒኤምኤስኤፍ የተጨመረበትን 300 ማይክሮሊትር ማፍረሻ ቡፈር በሳህኑ ላይ ያዳርሱ። 5 ደቂቃ በረዶ ላይ ያቆዩትና በላስቲክ መፋቂያ ወደ አንድ ጥግ ይሰብስቡ። ሴሎቹን በፒቢኤስ ውስጥ ፍቆ ከዚያ ማፍረስ የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም። መፋቂያው የሚያቆስላቸው ሴሎች ኤልዲኤቻቸውን ወደ ፒቢኤሱ ይለቃሉ፣ ፒቢኤሱ ደግሞ ይጣላል።

4. ወደ 1.5 ሚሊሊትር ቱቦ ያዛውሩ፤ ለ10 ደቂቃ በረዶ ላይ እያቆዩ በየሦስት ደቂቃው ቱቦውን በጣት መታ መታ ያድርጉ። ቮርቴክስ አይጠቀሙ። ኑክሊየሱ ከተሰበረ ዲኤንኤው ይፈታና ፈሳሹ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል፤ የፒፔቱ ጫፍ ሲነሣ ክር እየሳበ ከመጣ ይህ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ካለ ሊዜት 10 ማይክሮሊትር በትክክል መለካት አይቻልም።

5. በ12,000 ጂ ለ10 ደቂቃ፣ በ4 ዲግሪ ያሽከርክሩ። ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ዝቃጩን ሳይነኩ ወደ አዲስ ቱቦ ይውሰዱ።

ሊዜቱን በዚያው ቀን ይለኩ። ብዙ ኢንዛይም በቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ ኤልዲኤች ግን በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ነው። በኤም ክፍል የበለጸጉት ኢሶኢንዛይሞች፣ ማለትም ኤልዲኤች-4 እና ኤልዲኤች-5፣ ቅዝቃዜ ይጎዳቸዋል፤ የደም ሴረም ናሙና ለኤልዲኤች ሲፈለግ በማቀዝቀዣ ሳይሆን በክፍል ሙቀት የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ግሊዮማ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ደግሞ ይህንኑ ዓይነት ነው። ለአንድ ለሁለት ሰዓት በረዶ ላይ መቆየቱ አያሳስብም፤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማሳደር ግን ከምንም የከፋ ምርጫ ነው። ግድ ከሆነ 20 በመቶ ግሊሰሮል ጨምረው፣ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍለው፣ በፍጥነት ወደ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስገቡ። አንዴ የቀለጠ ቱቦ ተመልሶ አይገባም። አንዱ ቡድን ትኩስ፣ ሌላው ቀልጦ የተለካ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ፕሮቲኑን መለካት

የኢንዛይም ቁጥሩ የሚካፈለው በፕሮቲን ስለሆነ እዚህ የሚፈጠር ስሕተት ሙሉ በሙሉ ወደ ውጤቱ ይገባል። ከተለመዱት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴዎች ብራድፎርድ በትራይቶን ይታወካል፤ ቢሲኤ ትራይቶንን ቢታገሥም እንደ ዲቲቲ ያሉ ኤሌክትሮን ሰጪ (ሪዱሲንግ) ኬሚካሎችን አይታገሥም። የማፍረሻ ቡፈራችን ትራይቶን ኖሮት ዲቲቲ የሌለው ለቢሲኤ እንዲመች ነው። ከሌላ መመሪያ ቡፈር የሚወስዱ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ።

የቢኤስኤ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ ፕሮቲን) መለኪያዎቹን (0፣ 0.125፣ 0.25፣ 0.5፣ 1.0፣ 1.5 እና 2.0 ሚሊግራም በሚሊሊትር) በውሃ ሳይሆን በራሱ በማፍረሻ ቡፈሩ ያቅጥኑ። ሊዜቱን ከአራት አንድ ያቅጥኑ። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ 10 ማይክሮሊትር ናሙናና 200 ማይክሮሊትር የቢሲኤ ድብልቅ (50 እጅ ከመጀመሪያው የቢሲኤ ፈሳሽ፣ 1 እጅ ከሁለተኛው) ያድርጉ፤ በ37 ዲግሪ 30 ደቂቃ ካቆዩ በኋላ በ562 ናኖሜትር ያንብቡ። ከዚህ ሳህንና ከዚህ የቡፈር መጠን በተለምዶ በሚሊሊትር ከ2 እስከ 4 ሚሊግራም ይገኛል። ከ1 በታች ከወጣ ወይ ሴሎቹ በእጥበት ሄደዋል ወይ ፒቢኤስ ሳህኑ ላይ ቀርቷል።

ልኬቱ ራሱ

የስፔክትሮፎቶሜትሩን የኩቬት (ናሙናው የሚነበብበት ትንሽ ብርሃን አሳላፊ ዕቃ) መያዣ ወደ 37 ዲግሪ አድርገው ከ20 ደቂቃ በፊት ያብሩት። ሙቀት መቆጣጠሪያ ከሌለው በ25 ዲግሪ ይሥሩ፤ የሠሩበትን ሙቀት ግን ይጻፉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ስለሚችል ሙቀቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ከማንም ቁጥር ጋር አይወዳደርም። ለ340 ናኖሜትር ተራ የፕላስቲክ ኩቬት ይበቃል፤ ኳርትዝ አያስፈልግም።

ሊዜቱን በአምስት እጥፍ ያቅጥኑ፦ 20 ማይክሮሊትር ሊዜት በ80 ማይክሮሊትር፣ በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ቢኤስኤ ባለው ማፍረሻ ቡፈር። የቀጠነ ኢንዛይም ከቱቦው ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ቢኤስኤው ቦታውን ይይዝለታል። ቢኤስኤው የሚጨመረው ለፕሮቲን ልኬት የሚሆነው ሊዜት ተለይቶ ከተወሰደ በኋላ መሆኑን አይርሱ።

1. ኩቬቱ ውስጥ 960 ማይክሮሊትር የሞቀ የመለኪያ ቡፈርና 20 ማይክሮሊትር ኤንኤዲኤች ያድርጉ።

2. ከቀጠነው ሊዜት 10 ማይክሮሊትር ይጨምሩ፤ ኩቬቱን በፓራፊልም ሸፍነው ሁለት ጊዜ ገልብጠው ይመልሱ። አያንቀጥቅጡት፤ ትራይቶን አረፋ ይሠራል።

3. ፓይሩቬት ሳይጨመር ለ2 ደቂቃ ያንብቡ። አብዞርባንሱ (የሚመጠጠው ብርሃን ንባብ) በትንሹ ሊወርድ ይችላል፤ ኤንኤዲኤችን የሚያቃጥሉ ሌሎች የሴሉ ኢንዛይሞች አሉና። ይህን መጠን ይያዙት፤ በኋላ ይቀነሳል።

4. 10 ማይክሮሊትር ፓይሩቬት ይጨምሩ፣ በፍጥነት ያደባልቁ፣ በየ5 ሰከንዱ ለ2 ደቂቃ ያንብቡ። ከመጨመር እስከ መጀመሪያው ንባብ ያለው ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይለፍ።

5. መስመሩ ቀጥ ያለበትን ክፍል ይምረጡ፤ በደቂቃ የወረደውን ይውሰዱ። ጠቅላላው ውርደት ከ0.25 በላይ ከመድረሱ በፊት ያለውን ብቻ ይጠቀሙ፤ ከዚያ በኋላ ኤንኤዲኤቹ እያነሰ ስለሚሄድ መስመሩ ይጎብጣል።

ጥሩ ውርደት በደቂቃ ከ0.05 እስከ 0.12 ነው። ከዚያ ከበለጠ ሊዜቱን ተጨማሪ ያቅጥኑ እንጂ የንባብ ጊዜውን በማሳጠር አይሸፍኑት። ፓይሩቬትም «በበዛ ቁጥር ይሻላል» ተብሎ አይጨመር፤ ከመጠን ያለፈ ፓይሩቬት ኤልዲኤችን ራሱን ያግዳል፣ በተለይ የኤች ክፍል የበዛበትን። 1 ሚሊሞላር በቂ ነው።

ስሌቱ

ኤንኤዲኤች በ340 ናኖሜትር በ1 ሴንቲሜትር የብርሃን መንገድ ለእያንዳንዱ ሚሊሞላር 6.22 ይመጥጣል። አንድ ዩኒት ማለት በደቂቃ አንድ ማይክሮሞል የሚለውጥ የኢንዛይም መጠን ነው። ለምሳሌ ከፓይሩቬት በኋላ በደቂቃ 0.080፣ ከፓይሩቬት በፊት 0.004 ወርዶ ከሆነ፦

0.080 − 0.004 = 0.076

0.076 × 1.0 ÷ (6.22 × 0.010) = 1.22 ዩኒት በሚሊሊትር (በቀጠነው ሊዜት)

1.22 × 5 = 6.1 ዩኒት በሚሊሊትር (በዋናው ሊዜት)

የፕሮቲኑ መጠን በሚሊሊትር 3.0 ሚሊግራም ቢሆን፣ 6.1 ÷ 3.0 = 2.0 ዩኒት በሚሊግራም ፕሮቲን።

ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ የሚሠሩ ከሆነ የብርሃኑ መንገድ 1 ሴንቲሜትር አይደለም፤ 200 ማይክሮሊትር ሲሞላ ከ0.6 ሴንቲሜትር ብዙም አይርቅም፣ እንደ ሳህኑ ዓይነትም ይለያያል። ይህን ማስተካከል የረሳ ሰው ውጤቱን በግማሽ ገደማ ያሳንሰዋል። አስተማማኙ መንገድ መጠኑ የታወቀ ኤንኤዲኤች በዚያው ሳህን አንብቦ መንገዱን ማስላት ነው።

ቁጥሩ የኢንዛይሙ መሆኑን ማረጋገጥ

በእያንዳንዱ የሥራ ቀን አራት ማጣሪያዎች ይሠሩ። ሊዜት የሌለበት ኩቬት ምንም መውረድ የለበትም። በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ የተቀቀለ ሊዜትም እንዲሁ። በ20 ሚሊሞላር ሶዲየም ኦክሳሜት የተሞላ ኩቬት ውርደቱ በግልጽ መቀነስ አለበት፤ ኦክሳሜት ከፓይሩቬት ጋር ስለሚሻማ ኤልዲኤችን ያግዳል። ካልቀነሰ እየለካን ያለነው ሌላ ነገር ነው።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውና እኛ ከሁሉም የምናስበልጠው፣ የመመጣጠን ፈተና ነው። ከአንዱ የቀጠነ ሊዜት 5፣ 10 እና 20 ማይክሮሊትር ለየብቻ ይለኩ፤ የቡፈሩን መጠን እየቀነሱ ጠቅላላውን 1 ሚሊሊትር ያድርጉ። 5 ማይክሮሊትሩ 0.039፣ 10 ማይክሮሊትሩ 0.077 ቢሰጥ መልካም ነው። 20 ማይክሮሊትሩ 0.154 መሆን ሲገባው 0.130 ከሆነ ምላሹ ከመሣሪያው ፈጥኗል፤ ከ10 ማይክሮሊትር አይለፉ። 5ቱ ከግማሽ በጣም ካነሰ ደግሞ ወይ ፒፔቱ ወይ ወደ ግድግዳ የሚጠፋው ኢንዛይም ነው ችግሩ። ይህ ፈተና ካላለፈ ሌሎቹ ቁጥሮች ምንም ያህል ያማሩ ቢሆኑ አይያዙ።

ሲበላሽ ምልክቱና መንስኤው

መጀመሪያ ቀስ ብሎ ከ30 ሰከንድ በኋላ የሚፈጥን መስመር ቡፈሩ አለመሞቁን ያሳያል። ከማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ ቡፈር ኩቬት ውስጥ 37 ዲግሪ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ ይወስድበታል፤ ቡፈሩን በሙቅ ውሃ ገንዳ አሙቀው ይጠቀሙ።

ንባቡ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ የኩቬቱን ግድግዳ በብርሃን ፊት አቅንተው ይዩ፤ ብዙ ጊዜ በብርሃኑ መንገድ ላይ አንድ ትንሽ አረፋ ተለጥፋ ትገኛለች። ኩቬቱን በጥፍር ጫፍ መታ ካደረጉት ትነሣለች።

ፓይሩቬት ሳይጨመር ውርደቱ ከ0.02 በላይ ከሆነ ሊዜቱ በደንብ አልተሽከረከረም፣ የማይቶኮንድሪያ ስብርባሪ አለበት። መልሰው ያሽከርክሩ። የሚፈትኑት መድኃኒት ራሱ ኤንኤዲኤችን የሚያቃጥል ወይም በ340 ብርሃን የሚመጥጥ ከሆነም እንዲህ ያጋጥማል፤ መድኃኒቱን ያለ ሊዜት በቡፈርና በኤንኤዲኤች ብቻ ያንብቡ።

የአንድ ሊዜት ሦስት ንባቦች ከ5 በመቶ በላይ ከተራራቁ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፒፔቱ ነው። ትራይቶን ያለበት ፈሳሽ የፒፔቱ ጫፍ ውጭ ላይ ይንጠለጠላል፤ ጫፉን በቱቦው ከንፈር ጠርገው ይልቀቁት፣ ኩቬቱ ውስጥ ፈሳሹን እየመጠጡ እየለቀቁ ሦስት ጊዜ ያጠቡት።

ንባቦቹ ሁሉ እየተስማሙ ውጤቱ ግን ከሳምንት ሳምንት የሚለያይ ከሆነ ችግሩ ከመሣሪያው አይደለም፤ ወደ ሳህኖቹ ይመለሱ። የፓሴጁ ቁጥር፣ የሽፋኑ መጠን፣ የሴረሙ ቡድን ቁጥርና ሚዲየሙ የተቀየረበት ሰዓት ጎን ለጎን ሲቀመጡ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል። በአንድ ቀን ከተዘሩ ሦስት ሳህኖች የተገኘ ቁጥር ደግሞ ሦስት ሙከራ አይባልም። በተለያየ ፓሴጅና በተለያየ ቀን የተሠራ ሦስት ጊዜ ሲሆን ነው ሦስት የሚባለው።

ወደ ሚዲየሙ የወጣውን ኤልዲኤች ለመለካት

የሞቱ ሴሎች የለቀቁትን ለማወቅ ሚዲየሙን በ500 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክረው በሊዜቱ ፋንታ 50 ማይክሮሊትር ይጠቀሙ፤ ቡፈሩን 920 ያድርጉት። እዚህ ትልቁ ጠላት ሴረሙ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ጊዜ ሴረሙን ወደ 1 በመቶ ዝቅ አድርገው፣ ሴል ያልነካው ሚዲየም በተመሳሳይ ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ አቆይተው የእሱን ቁጥር ይቀንሱ። ፓይሩቬት የተጨመረበት ሚዲየምም አይመችም፤ ማስጀመሪያውን ሳይጨምሩ ምላሹ ይጀምርና የመነሻ ንባቡን ያጠፋዋል። ጠቅላላውን ለማግኘት አንዱን ሳህን በ0.5 በመቶ ትራይቶን ሚዲየሙ ውስጥ እንዳለ ያፍርሱት፤ የወጣውን ለጠቅላላው ሲያካፍሉ የጉዳቱ መቶኛ ይገኛል። ኤልዲኤች በ37 ዲግሪ ሚዲየም ውስጥ ቀስ በቀስ እየተዳከመ ስለሚሄድ ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ሙከራ ጉዳቱን አሳንሶ ያሳያል።

ከሥራ በኋላ

የሰው ዕጢ ሴሎች በሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ ደኅንነት ሕግ ይያዛሉ፦ የሚከፈቱት በሁለተኛ ክፍል የደኅንነት ካቢኔት ውስጥ ነው፤ ያገለገለ ሚዲየም በ10 በመቶ የልብስ ማንጫ ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ ሳህኖችና የፒፔት ጫፎች ኦቶክሌቭ ይደረጋሉ። የልብስ ማንጫ የነካው ነገር ግን ኦቶክሌቭ ውስጥ አይግባ፤ ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ፒኤምኤስኤፍ የነካው አይሶፕሮፓኖል ከውሃ ጋር አይፈስስም፤ በኬሚካል ቆሻሻ ጠርሙስ ይጠራቀም።